የመከታ ዕዳ

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ላይ ቤት ለሚሠራ ሰው የተሰጠች አጭር ትእዛዝ አለች። የጣራው ዙሪያ መከታ ይኑረው፤ ባለቤቱ ይህን ቸል ብሎ ሰው ቢወድቅ የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ ይሆናል ትላለች። በመጽሐፍ ቅዱስ አገር ጣራ ዝናብ መመለሻ ብቻ አልነበረም። የኢያሪኮዋ ረዓብ የእስራኤልን ሰላዮች የሸሸገችው ጣራዋ ላይ በተሰጣ የተልባ እግር ውስጥ ነው፤ ጴጥሮስም በኢዮጴ፣ ባሕር አጠገብ በነበረው በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ሳለ ለጸሎት የወጣው ወደ ጣራ ነው። ዛሬ ያንን ቦታ የያዘው የእንጨት በረንዳ ነው። ሰው ቡናውን ይዞ ይወጣበታል፤ ነፋስ ይቀበልበታል፤ ሳያስብ ክንዱን መደገፊያው ላይ ያሳርፋል። ጥያቄዬም እዚህ ላይ ነው፦ ትእዛዙ የሚፈጸመው መቼ ነው? የመጨረሻው ሚስማር በተመታበት ዕለት ነው ወይስ ሰው መከታውን በተደገፈ ቁጥር? እኔ ሁለተኛውን እላለሁ። በደረቅ አገር ሁለቱ መልሶች ብዙም አይራራቁም። ባሕር ዳር ግን ልዩነታቸው የሰው ሕይወት ነው።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ የአይሁድን ሕግ በመልክ በመልኩ ያዘጋጀው ሙሴ ማይሞኒደስ ይህችን ትእዛዝ ያስቀመጠው በሕንፃ ደንብ ሥር ሳይሆን ነፍስ ስለማጥፋትና ነፍስን ስለመጠበቅ በሚናገረው ክፍል ነው። ሁለት መለኪያም ሰጣት። መከታው ከአሥር ጋት ማነስ የለበትም፤ ደግሞም ሰው ተደግፎበት የማይወድቅ ጠንካራ መሆን አለበት። አሥር ጋት በግምት ከ80 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የዛሬው የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ደንብ ከመሬት ከፍ ላለ በረንዳ 91 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጠይቃል፣ ካሊፎርኒያ 107፤ የላይኛው አግዳሚም 90 ኪሎ ያህል ግፊት እንዲችል ያዝዛል። ስምንት መቶ ዓመት ተራርቀው እንዲህ መቀራረባቸው አያስገርምም፤ የሰው ወገብ ከፍታ አልተለወጠም። ከቁመቱ ይልቅ እኔን የያዘኝ ሁለተኛው መለኪያ ነው። ቁመት አንዴ ከተለካ አይቀንስም። ጥንካሬ ግን ዕለት ዕለት የሚቀንስ ነገር ነው፤ ስለዚህ ጥንካሬን የሚያዝዝ ሕግ፣ በቃል ባይለውም፣ ዕድሳትን ያዝዛል።

ባሕር ዳር ላይ ጥንካሬ የሚቀንሰው በሁለት መንገድ ነው። ጨው ራሱ እንጨትን ብዙም አይጎዳም። እንጨትን የሚያበሰብሰው ፈንገስ ነው፤ ፈንገስ ደግሞ እርጥበት ይፈልጋል። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ከሆነ አይራባም፤ ጭጋግ በማይለየው ጠረፍ ያለ እንጨት ግን ውሃ የሚቋጥርበት ስንጥቅ ካገኘ ከዚያ በላይ ረጥቦ ይከርማል። ጨው የሚበላው ብረቱን ነው። ሚስማርና ብሎን ላይ የተለበጠው ዚንክ ከብረቱ ቀድሞ እየተበላ ያድነዋል፤ በጨዋማ አየር ውስጥ ግን ዕድሜው አጭር ነው። የማይዝግ ከሚባለው ብረትም ሞሊብዲነም የተጨመረበት፣ 316 የሚሉት፣ ካልሆነ በቀር ውሎ አድሮ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። በዚያ ላይ አሜሪካ ውስጥ ከ2003 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ አርሴኒክ ያለበት ፀረ-ብስባሽ መድኃኒት ለመኖሪያ ቤት እንጨት መዋል ሲቀር የተተኩት መዳብ የበዛባቸው መድኃኒቶች ናቸው፤ መዳቡም ያልተለበጠን ሚስማር ይበላል። ልጆች ከሚጫወቱበት ሳንቃ መርዙ መውጣቱ መልካም ነበር፤ ሸክሙ ግን ወደ ብረቱ ዞረ። ከሁሉ የሚገርመው ግን ጨው የሚከፋው ነፋስና ዝናብ በሚመታው ፊት ላይ አለመሆኑ ነው። እዚያ የወረደው ዝናብ ያጥበዋል። የሚከፋው ዝናብ በማይደርስበት፣ ከወለሉ ሥር፣ በረንዳው ከቤቱ ግድግዳ ጋር በሚታሰርበት ቦታ ነው። መከታው ከላይ ቀለም ተቀብቶ ሲያምር፣ የተሸከመው ነገር ማንም በማያየው ቦታ ያልቃል።

ይህ በሐሳብ ብቻ የቀረ ስጋት አይደለም። ጁን 16 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ከሳን ፍራንሲስኮ የባሕር ወሽመጥ ማዶ በምትገኘው በርክሌይ፣ በአንድ የልደት ግብዣ ላይ የአፓርትመንት በረንዳ ከግድግዳው ተገንጥሎ ወደቀ። ስድስት ወጣቶች ሞቱ፤ አምስቱ ከአየርላንድ የመጡ ነበሩ። ሰባት ሰዎች ክፉኛ ተጎዱ። ሕንፃው አሥር ዓመት እንኳ አልሞላውም። ሲመረመር ተሸካሚዎቹ አግዳሚ እንጨቶች በስብሰው ተገኙ፤ ውሃ እንዳይገባ ተብሎ የተደረገው ሽፋን የገባውን ውሃ እንዳይወጣ አድርጎ ይዞት ነበር። በማግሥቱ ዓመት ዐቃቤ ሕግ ጉዳዩን አይቶ በማንም ላይ የወንጀል ክስ አልመሠረተም። ጥፋቱ በብዙ እጆች መካከል ተበትኖ ነበርና፣ ይህ በሕግ ዓይን ትክክል ሊሆን ይችላል። ኦሪት ግን ዕዳውን የምታስቀምጠው በቤቱ ላይ ነው። የባቢሎኑ ንጉሥ የሐሙራቢ ሕግ ቤቱ ተደርምሶ ባለቤቱን ከገደለ ሠሪው ይገደል ይላል፤ አደጋው ከደረሰ በኋላ ጥፋተኛ ይፈልጋል። ኦሪት የምትናገረው ገና ማንም ሳይወድቅ፣ ለባለቤቱ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ክርክሬ ልምጣ። የበሰበሰ መከታ ጨርሶ መከታ ካለመኖሩ ይከፋል። መከታ የሌለበት ጣራ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ያፈገፍጋል፤ ዓይኑ ያስጠነቅቀዋልና። መከታ ያለበት ላይ የቆመ ግን ጥንቃቄውን ለባለቤቱ አስረክቧል። ቀለም የተቀባው አግዳሚ ተደገፍ ይለዋል፤ እሱም ያምናል። ስለዚህ ውስጡ እያለቀ ላዩ የቆመ መከታ በየቀኑ የሚነገር ሐሰት ነው፤ የሐሰቱም ባለቤት የቤቱ ባለቤት ነው፣ አፉን ባይከፍት እንኳ። ማይሞኒደስ ትእዛዙን ለነፍስ አስጊ ወደሆነ ነገር ሁሉ ማስፋቱ በዚህ ሲታይ ተገቢ ነው። በመሬት ላይ የቆመ የግቢ አጥር ቢዘምም ጉዳዩ የጎረቤት ነው፤ በመዋኛ ገንዳ ዙሪያ ያለው አጥር በሩን የሚዘጋው ሞላ በጨው ዝጎ ካልተመለሰ ግን ጉዳዩ የሕፃን ነፍስ ነው።

የሚበረታው ተቃውሞ ከሃይማኖት በኩል ይመጣል። ሰው የሚሞተው ቀኑ ሲደርስ ነው፤ ያልተጻፈበት አይወድቅም፣ የተጻፈበትን ብሎን አያድነውም ይላል። ተቃውሞው የቆየ ነው፤ በአይሁድ መምህራን መጽሐፍ በታልሙድ፣ በሰንበት ክፍል፣ የራቢ እስማኤል ተማሪዎች በዚህችው ትእዛዝ ላይ አንሥተውታል። መልሳቸው ዕጣን አይክድም። የሚወድቀው ሰው ከስድስቱ የፍጥረት ቀናት ጀምሮ ሊወድቅ የተወሰነበት ሊሆን ይችላል ይላሉ፤ ሆኖም በጎ ነገር በበጎ ሰው እጅ፣ ክፉም በበደለኛ እጅ በኩል ይመጣል። በዚህ አስተሳሰብ መጠየቅ ያለብኝ እንግዳዬ ይሞታል ወይ ብዬ አይደለም፤ ያ የእኔ ዕውቀት አይደለም። መጠየቅ ያለብኝ ሞቱ በእኔ ቤት በኩል እንዲያልፍ በሩን ከፍቻለሁ ወይ ብዬ ነው። ሁሉ ከንቱ ነው፣ የሚበሰብስ ዓለም ውስጥ የማይበሰብስ ለምን እንፈልጋለን የሚለውም ሌላ ፈተና ነው። ማንም በረንዳው ለዘለዓለም ይኑር አላለም። ይበስብስ፤ ሰው ላዩ ላይ ሳለ ግን አይበስብስ።

ሌላው ተቃውሞ የገበያ ነው፦ ውድ ዕቃ ገዝቶ መገላገል አይቻልም ወይ? 316 ብሎን፣ ጠንካራ የብራዚል እንጨት፣ ከፕላስቲክና ከእንጨት ዱቄት የተሠራ ሳንቃ። ይረዳሉ፤ ባሕር ዳር የሚሠራ ሰው በብሎን ላይ ገንዘብ መቆጠብ የለበትም። ግን የማይበሰብስ ሳንቃ የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ በሚበሰብስ ተሸካሚ ላይ ነው፤ ላዩ ሃያ ዓመት አዲስ ስለሚመስልም ጥርጣሬን ያጠፋል። የበርክሌይ በረንዳ የወደቀው ባለመሸፈኑ ሳይሆን በመሸፈኑ ነው። ስለዚህ ትእዛዙን በዘመናችን ቋንቋ ብተረጉመው፣ የሚታይ አድርገህ ሥራ የሚል ይመስለኛል፦ ከሥር የተከፈተ፣ በሳንቃ መካከል ክፍተት ያለው፣ ብሎኑ በእጅና በመፍቻ የሚደረስበት፣ ሲታመም ቶሎ የሚያስታውቅ። ንስሐ የሚገባ በረንዳ ልበለው። ያምራል አይባልም፤ የተሸፈነው የበለጠ ያምራል።

ካሊፎርኒያ ከበርክሌዩ አደጋ በኋላ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ሦስትና ከዚያ በላይ ቤቶች ያሉት ሕንፃ እንጨት የተሸከማቸውን ከፍ ያሉ በረንዳዎቹን በየስድስት ዓመቱ እንዲያስመረምር አዘዘች፤ ከየዓይነቱ ቢያንስ 15 በመቶው ይታያል። የመጀመሪያው የጊዜ ገደብ 2025 መግቢያ ነበር፤ ባለቤቶች አልደረሱምና በአንድ ዓመት ተራዘመ። ወጪው እውነተኛ ነው፤ ማሾፍ አልፈልግም። ለማደስ አቅም የሌለው ሰው ግን ሌላ መንገድ አለው፦ በረንዳውን ዝቅ አድርጎ መሬት አጠገብ መሥራት ወይም ጨርሶ አለመሥራት። ሕጉ የግል መኖሪያ ቤትን አይነካም። እዚያ ተቆጣጣሪ አይመጣም፤ የቀረው የኦሪቱ ትእዛዝና የባለቤቱ ኅሊና ብቻ ነው። በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድም በእስራኤሏ አሽዶድም ተከራይቶ የሚኖረው ወገናችንስ? ቤቱ የእሱ አይደለም፤ ብሎን የማጥበቅ መብትም ላይኖረው ይችላል። ነገር ግን ለክርስትናም ለምርቃትም እንግዳ የሚጠራው እሱ ነው። ወለሉ ሲረገጥ የሚለሰልስ ወይም ከጠርዙ እንጉዳይ የሚበቅል ከሆነ ለአከራዩ በጽሑፍ ያስታውቅ። መልስ እስኪመጣ ድረስ ወደ በረንዳው የሚያስወጣውን በር ይቆልፍ፤ እንግዶቹም ሳሎን ይቀመጡ።