ሊጡን ለልጁ የሰጠው ማን ነው?

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ አባቶች። ይህን ተረት የምንጠቅሰው ሁልጊዜ ልጁን ለመውቀስ ነው። ውሃው በዛ፣ እጁ አልጠና፣ ዱቄቱን ፈጀው እንላለን። የእኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ቤተሰቡ በልቶ የሚያድርበትን ሊጥ ለልጅ አስረክቦ ዞር ያለው ትልቅ ሰው ማን ነው? ራት የጎደለ ለታስ ስለምን እሱ አይጠየቅም?

ነገሬ ስለ ኳስ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ሜዳዎች ዳር የምትቆሙ ወላጆች፣ ሌሊቱን ፓርኪንግ ስትጠብቁ ወይም ታክሲ ስትነዱ አድራችሁ፣ ዓይናችሁ ደም ለብሶ፣ ቡናችሁን በወረቀት ኩባያ ይዛችሁ የምትመጡ፣ ለእናንተ ነው የምናገረው። ልጃችሁ ጎበዝ ነው ሲሏችሁ ደስ ይላችኋል፤ ደስ ይበላችሁ። ከእናንተ በፊት እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ ልጅዎ ጎበዝ ነው የተባሉ አንዲት እናት ነበሩ። የዚያን ልጅ ነገር ግን ረጋ ብላችሁ ስሙኝ።

ፍሬዲ አዱ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1989 ጋና ውስጥ፣ ቴማ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። በስምንት ዓመቱ እናቱ ዲቪ ደረሳቸውና ልጆቻቸውን ይዘው ሜሪላንድ ገቡ፤ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ፖቶማክ። ዲቪ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ሰው ማስረዳት ጅልነት ነው፤ ከመካከላችን ስንቱ አይደል በእሱ የመጣ። ብዙም ሳይቆይ አባትየው ተለየ፤ ልጆቹ የእናት ብቻ ሆኑ። እኚያ ሴት ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሥራ እየሮጡ አሳደጓቸው። ላም ቀንዷ አይከብዳትም።

ልጁ ኳስ ሲነካ ሰው መንገዱን ትቶ ይቆም ነበር። ገና በ10 ዓመቱ በዕድሜ ከሚበልጡት ልጆች ጋር ጣሊያን ሄዶ ቢጫወት፣ ኢንተር ሚላንን የሚያህል ክለብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይዞ መጣ ይባላል። እናትየው አሻፈረኝ አሉ። የቤት ኪራይ ያለበት፣ ልጆቹን ብቻውን የሚያሳድግ ሰው ያን ገንዘብ ይቅርብኝ ለማለት ምን ዓይነት ልብ እንደሚያስፈልገው እናንተ ታውቁታላችሁ። ከዚህ ታሪክ ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ቀን ነው። ሰው ግን ግቡን እንጂ ይህን ቀን ብዙ አያነሣውም።

ጥቂት ዓመታት አለፉና በሩን የሚያንኳኳው በዛ። ናይኪ አንድ ሚሊዮን ዶላር ይዞ መጣ። የአሜሪካ ሊግ በኖቬምበር 2003 አስፈረመው፤ በዓመት ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ፤ በሊጉ ውስጥ ከእሱ በላይ የሚከፈለው ጎልማሳ አልነበረም። ከእናቱ እንዳይርቅም ለዲሲ ዩናይትድ ሰጡት።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሊጉ ያን ጊዜ ተቸግሮ ነበር። በ2002 መጀመሪያ ሁለት የፍሎሪዳ ክለቦችን ዘግቶ በ10 ክለብ ቀርቷል፤ ስታዲየሙ አይሞላም፤ ቴሌቪዥኑም ፊት አይሰጠውም። ራት የሌለው ቤት ነበር። ትልልቆቹ ሰዎች ተሰብስበው ይህ ቤት ምን ይብላ ብለው ሲመክሩ ዞረው ያዩት የ14 ዓመት ልጅ ነው። ሊጡን ለእሱ ሰጡት።

ኤፕሪል 3 ቀን 2004 አርኤፍኬ ስታዲየም ከ24 ሺህ በላይ ሰው ገባ። ጨዋታው በመላ አገሪቱ በቴሌቪዥን ይተላለፋል። በ61ኛው ደቂቃ ልጁ ተቀይሮ ገባ፤ በአሜሪካ ከመቶ ዓመት ወዲህ በዚያ ዕድሜ በቡድን ስፖርት ለደመወዝ የተጫወተ አልነበረም። ሜዳ ውስጥ ሚስትና ልጅ ያላቸው ሰዎች በትከሻ ይገፉታል፤ እሱ ግን መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ዕድሜው ስላልደረሰ ልምምድ ቦታ የሚያደርሰው ሰው ያስፈልገው ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግብ አስቆጠረ። በዓመቱ መጨረሻ ክለቡ ዋንጫ በላ። ከፔሌ ጋር ሆኖ ለስላሳ መጠጥ ሲያስተዋውቅ በቴሌቪዥን ታየ፤ አዲሱ ፔሌም ተባለ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ፔሌስ በ15 ዓመቱ አልጀመረም ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ጀምሯል። በ1956 ለሳንቶስ ገብቶ በመጀመሪያው ጨዋታ አግብቷል፤ በ17 ዓመቱም ስዊድን ላይ የዓለም ዋንጫ አንሥቷል። ነገር ግን ሳንቶስ ያን ጊዜ የሳኦ ፓውሎ ሻምፒዮን ነበር። እንደ ዚቶ ያሉ የበሰሉ ሰዎች ነበሩበት። ልጁ ካገባ እሰየው፤ ካላገባም ራቱ በሌላ ሰው እጅ ይሰናዳል። አዲሱ እገሌ ብሎ የጠራውም አልነበረም። እዚያው ክለብ እስከ 1974 ቆየ። ሁለቱን ልጆች ዕድሜ አለያያቸው ብዬ አላምንም፤ የገቡበት ቤት ነው የለያያቸው።

የዲሲው አሠልጣኝ ፒተር ኖቫክ ይህ የገባው ይመስለኛል። ፖላንዳዊ ነው፤ ራሱም አማካይ ሆኖ የተጫወተ። ልጁን በጥቂት በጥቂቱ ሊያስገባው ፈለገ። ቲኬቱ የተሸጠው ግን በልጁ ስም ነው። ተመልካቹ ለምን አልገባም ይላል፤ ልጁም ለምን አልሰለፍም ይላል። በ2005 ይህንኑ በአደባባይ ተናገረና ክለቡ ቀጣው። የ16 ዓመት ልጅ ነው እንግዲህ። እናንተ ቤት ቢሆን ትቆጡታላችሁ፣ ያኮርፋል፣ በሩን ወርወር አድርጎ ይዘጋል፣ ማታ እንጀራው ሲቀርብ ወጥቶ ይበላል፤ በነጋታው ተረስቷል። የእሱ ኩርፊያ ግን ጋዜጣ ላይ ወጣ።

በ2007 በካናዳው ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ አምበል ሆኖ ፖላንድ ላይ ሦስት አገባ፤ ቡድኑ ብራዚልንም ረታ። 18 ዓመት እንደሞላው ቤንፊካ ወሰደው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሻንጣ ማንሣትና ማስቀመጥ ነው። ሞናኮ በውሰት፣ ቤሌኔንሴስ በውሰት፣ ግሪክ፣ ቱርክ፤ ተመልሶ ፊላዴልፊያ፤ ከዚያ ብራዚል፣ ሰርቢያ፣ ፊንላንድ፣ ታምፓ፣ ላስ ቬጋስ፤ በ2020 ደግሞ አንድ ትንሽ የስዊድን ክለብ።

ሰው ይህን ሲሰማ ከንፈሩን ይመጣል፤ ከሸፈ ይላል። እስቲ በትክክለኛው ሚዛን እንየው። በ15 ዓመቱ የሊግ ዋንጫ የበላ፣ ለአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን 17 ጊዜ የተሰለፈ፣ ከ10 በላይ ክለቦች የፈለጉት ተጫዋች ነው። ይህንኑ ታሪክ ስም ሳትጠሩ ለማንኛውም የሰፈር ልጅ ብትሰጡት እናቱ እልል ትላለች። የከሸፈው ተስፋው ነው፤ ተስፋውን ደግሞ የሰጠን እሱ አይደለም። ሊጉ፣ ጫማ ሻጩና ጋዜጠኛው ቃል ገቡ፤ ልጁ ባልበላው ዕዳ ከፋይ ሆነ። የራሱ ጥፋት የለም አልልም። ካደገ በኋላ ራሱ፣ በተሰጥኦው ተማምኖ ሌሎቹ ሲለፉ ችላ ይል እንደነበር ሳይሸሽግ ተናግሯል። ይህን ማመን ትልቅነት ነው። ነገር ግን ከመልፋቱ በፊት የተከፈለው ልጅ ልፋትን ከማን ይማር?

ስለ ገንዘብ ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ ደመወዝ ይዞ ሲገባ ቤት ውስጥ ሳይታወቅ ወንበር ይለዋወጣል። አባት ሊቆጣ ብድግ ይልና የቤቱን ክፍያ ያስታውሳል፤ ይቀመጣል። አክስት ከአገር ቤት ስትደውል አስቀድማ የምትጠይቀው ስለ ልጁ ውል ነው። እንቅልፍህን ተኛ፣ ጓደኛህን ምረጥ፣ ጨርስና ተነሣ የሚለው ሰው አንድ በአንድ ይጠፋል። ይህ በኳስ ብቻ አይደለም፤ በዘፈንም በሱቅም አይቼዋለሁ።

የራሳችንም ልጅ አለ። ጌዲዮን ዘላለም በርሊን ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ፣ በልጅነቱ እዚሁ ሜሪላንድ መጥቶ፣ ኦልኒ ውስጥ ኳሱን ተጫውቶ ለንደን አርሰናል ገባ። ጃኑዋሪ 24 ቀን 2014 በኤፍኤ ካፕ ኮቨንትሪ ላይ ተቀይሮ ሲገባ 17 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ያን ሰሞን ምግብ ቤቶቻችን ውስጥ የማንን ማልያ ይልበስ፣ የአሜሪካን ነው የኢትዮጵያን ወይስ የጀርመንን እያልን ስንከራከር አመሸን። ልጁስ ምን ይፈልጋል ያለ ሰው ትዝ አይለኝም። በውሰት ሬንጀርስ ሄዶ ስኮትላንድ ውስጥ ክለቡ ከታችኛው ዲቪዚዮን ሲወጣ አብሮ ነበር። በ2017 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ለአሜሪካ ከ20 ዓመት በታች ሲጫወት የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። በኋላ ወደ ካንሳስ ሲቲና ወደ ኒው ዮርክ ተመልሶ ተጫወተ። በጉዳት ማንም አይወቀስም። እኛ ግን ልጁ ገና ሲያገግም ስሙን ከወሬያችን አውጥተን ሌላ ጎበዝ ፍለጋ ሄድን።

አሁን ወደ ቅዳሜያችን ልመልሳችሁ። አንድ የ11 ዓመት ልጅ አለ፤ ግራ እግሩ ያስቀናል። ኳስ ሲያመልጠው ግን ኳሱን ተከትሎ አይሮጥም፤ መጀመሪያ ዞሮ አባቱን ያያል። አባትየው በአንድ እጁ ስልኩን ይዞ ይቀርጻል፣ በሌላው እጁ ያመለክታል፣ በአማርኛ ይጮኻል፤ አሠልጣኙ ደግሞ በእንግሊዝኛ። ልጁ በሁለቱ መካከል ቆሞ ሳለ ተጋጣሚው ኳሱን ይዞ ሄደ። በእረፍት ሰዓት ውሃውን እየጠጣ አጠገቤ መጣና፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ቪዲዮው ጥሩ አይሆንም» አለኝ።

ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ለብረት። የልጅ አጥንት ገና እያደገ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ልጆች ቢያንስ እስከ 15 ወይም 16 ዓመታቸው በአንድ ስፖርት ብቻ ባይታሰሩ ይሻላል፣ በየሳምንቱም ቢያንስ አንድ ቀን ይረፉ ብሎ ይመክራል። አያቶቻችን ሐኪም አልነበሩም፤ ሰንበትን ግን ያከብሩ ነበር። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ብላችሁ ትምህርቱን ልታስተዉት የምታስቡም አላችሁ። ትምህርቱ ዛፍ አይደለም፤ ልጁ ከዛፉ ሲወርድ የሚቆምበት መሬት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውንማ ማን ያጣዋል? ችግሩ እንቁላሉ የራሳችን ሲሆን ነው፤ ትናንት ተጥሎ ዛሬ ለምን አልሮጠም እንላለን።

በጁላይ 2024 የአዱ የዕድሜ ሪከርድ ተሰበረ። ካቫን ሱሊቫን የሚባል የፊላዴልፊያ ልጅ በ14 ዓመት ከ293 ቀኑ ተሰለፈ፤ ከአዱ በ13 ቀን ያንሳል። 18 ዓመት ሲሞላው ማንቸስተር ሲቲ ሊወስደው ከወዲሁ ተስማምቷል። ታላቅ ወንድሙ እዚያው የፊላዴልፊያው ክለብ ውስጥ ይጫወት ነበር፤ ሊጉም ዛሬ ያ የተራበ ቤት አይደለም፣ ሜሲ አለው። ለዚህኛው ልጅ ተስፋ የማደርገው በእግሩ ብቻ አይደለም፤ ራቱ በእሱ ላይ ስላልተጣለ ነው።

አንድ ቀን ከእናንተም በር ላይ ሰው ወረቀት ይዞ ሊቆም ይችላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። አውሮፓ እወስደዋለሁ፣ አስቀድማችሁ ይህን ያህል ክፈሉኝ የሚላችሁ ካለ፣ የፊፋ ደንብ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአገር ወደ አገር እንዳይዘዋወር እንደሚከለክል ንገሩትና ፊቱን እዩት። እውነተኛ ክለብ ከሆነም ያን ምሽት አትፈርሙ። ልጄ ታሞ ቢቀር ቡድናችሁ ማንን ያሰልፋል በሉ። ጉልበቱ ቢጎዳ ትምህርቱን ማን ይከፍላል በሉ። መልስ ካላቸው በጽሑፍ ያስፍሩት። እንግሊዝኛው ቢከብዳችሁ አትፈሩ፤ እዚሁ ተወልደው ጠበቃ የሆኑ ልጆች አሉን። እሑድ ከሰዓት ቤቴ አምጡት፤ ቡና ይፈላል፣ ቃል በቃል እናነበዋለን። ልጁንም ይዛችሁት ኑ፤ ውሉ የእሱ ነውና ቁጭ ብሎ ይስማ፣ ያልገባውንም ይጠይቅ።