ሻጩ ያውቃል?

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «ኮር አይ 7 ነው፣ አትጠራጠር» የሚል ነው። የስንተኛ ትውልድ? ዝም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው አይ 7-3520ኤም ፕሮሰሰር ሁለት ኮር ብቻ አለው፤ የ2017ቱ አይ 5-8250ዩ ግን አራት።

ፕላቶ «ፕሮታጎራስ» በተባለው ድርሰቱ ሶቅራጥስን ስለዚሁ እንዲህ ያሰኘዋል፦ ምግብ ነጋዴ የትኛው ለሰውነት እንደሚበጅ ሳያውቅ ሁሉንም ያሞግሳል፤ ገዢውም፣ ሐኪም ወይም አሰልጣኝ ካልሆነ በቀር፣ አያውቅም።

ታዲያ ሻጩ ዋሸ ይባላል? የሚዋሽ ሰው እውነቱን ያውቃል። ይህ ግን ያነበበው ኮምፒውተሩ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር ነው፤ ስቲከሩ ደግሞ አልዋሸም። ቢሆንም «አትጠራጠር» ያለው እሱ ነው፣ ለዚህች ቃል ተጠያቂ ነው።

«ቆይ፣ ከፍተን እንየው» ብሎ ፕሮሰሰሩን የሚያሳይ ሻጭም አይጠፋም። እሱ ጋ ክርክሩ በዋጋ ላይ ብቻ ይሆናል።