ከአራስ ደጅ መቅረት

ወረርሽኙ በ2012 ዓ.ም. ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ለሁላችንም የተሰጠው ትእዛዝ አጭርና ግልጽ ነበር፤ ይኸውም ተራራቁ የሚል ነው። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው በሽተኛ መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብና እጅ ለእጅ መጨባበጥ ተከለከለ። የጥላቻ ወይም የኩራት ምልክት ሆኖ ይቈጠር የነበረው መራቅ በአንድ ጊዜ የፍቅር ሥራ ሆነ። ወዳጁን የሚወድ ከወዳጁ ደጅ ይቀር ጀመር። ትእዛዙ ተገቢ እንደ ነበረ አንጠራጠርም። የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. አስቸኳይነቱ ማብቃቱን ካስታወቀ በኋላ ዛሬ ረጋ ብለን ልንመረምረው የምንወደው ግን ሌላ ነው፤ ከሰው ደጅ የቀረ ሰው በመቅረቱ ብቻ ግዴታውን ፈጽሟልን?

ጥያቄው ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በአራስ ቤት ነው። የማረቆ በርበሬ ስሙ በተጠራበት አገር፣ በእንሴኖና በአካባቢዋ፣ ሴት ስትወልድ ቤቷ የብቻዋ አይደለም። እናቷ ወይም አማቷ ትመጣለች፤ አንዷ ጎረቤት የቡላ ገንፎ በቅቤ አድርጋ ትይዛለች፤ ሌላዋ ውሃ ትቀዳለች፤ ሌላዋ ትልልቆቹን ልጆች ወደ ቤቷ ትወስዳለች። ክርስቲያኑ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል፤ ሙስሊሙም አላህን ያመሰግናል። ከውጭ ለሚያየው ነገሩ የመብልና የወሬ ይመስላል። ነገር ግን ብዙ የወለደች ሴት የመጀመሪያ ልጇን ካቀፈችው አጠገብ ተቀምጣ «የኔም እንዲሁ ያለቅስ ነበር፤ ምንም አይደለም» ባለቻት ጊዜ፣ ከመጽሐፍ የማይገኝ ማስረጃ ሰጠቻት ማለት ነው። ማስረጃው እርሷ ራሷ ናትና።

ወረርሽኙ ይህን በር ዘጋው። አራሷ ከበሽታው ተጠበቀች፤ ከፍርሃቷ ጋር ግን ብቻዋን ቀረች። ባቅፈው በትንፋሼ፣ ባጠባው በወተቴ አስተላልፍበት ይሆን? ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ብወስደው እዚያ ይያዝብኝ ይሆን? ባልወስደውስ?

ስለ ወተቱ የዓለም ጤና ድርጅት መልስ ለመስጠት አልዘገየም። በበሽታው የተያዘች እናት እንኳ እጇን ታጥባ፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ልጇን እንድታጠባና ከገላዋ አስጠግታ እንድትይዝ በዚያው በመጋቢት ወር መከረ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በበኩሉ መጀመሪያ እናትና ልጅን ለጊዜው መለየት ይሻላል ብሎ ነበር፤ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ግን ምክሩን ለወጠ። እንለያቸው ያሉት ሐኪሞች ደግነት የጎደላቸው ሰዎች አልነበሩም፤ የሚታየውን አደጋ አይተው የማይታየውን ሳይመዝኑ ቀርተው ነው። ይህን የመሰለ ነገር አስቀድሞም ደርሷል። በቦትስዋና ኤች አይ ቪ ላለባቸው እናቶች የዱቄት ወተት በነጻ ይታደል ነበር፤ በ1998 ዓ.ም. ከባድ ዝናብ ጥሎ ተቅማጥ በተነሣ ጊዜ ግን ይበልጡን ያለቁት ጡት የማይጠቡት ሕፃናት ናቸው።

ምናልባት አንባቢ «የሥጋውስ ይሁን፤ የእናቲቱ ጭንቀት ግን የልብ ጉዳይ ነው፤ ያልፋል» ይል ይሆናል። ለዚህ መልሱን ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። በቡታጅራ አካባቢ በ1,065 እናቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ወረርሽኙ ከመምጣቱ ከዐሥር ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ በእርግዝናዋ ወራት የአእምሮ ጭንቀት የበዛባት ሴት ምጧ ከ24 ሰዓት በላይ የመርዘሙ፣ ልጇንም ለመጀመሪያ ጊዜ ለማጥባት ከ8 ሰዓት በላይ የመዘግየቷ ነገር ከፍ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። የእናቶቹ ጭንቀት ከሕፃናቱ ተቅማጥ ጋር መያያዙም በዚሁ ጥናት ታይቷል። የሰውነትም ሥራ ይህን ያስረዳል። ወተቱን ከጡት የሚገፋው ኦክሲቶሲን የተባለው ንጥረ ነገር በድንጋጤ ጊዜ ይታገዳል። ወተቱ አልፈስ ሲላት እናቲቱ «ደረቀብኝ» ብላ ትደነግጣለች፤ ስትደነግጥ ይብስበታል፤ የላም ወተት በውሃ አቅጥና ትሰጣለች፤ ሕፃኑም መጥባቱን ሲቀንስ ጡቱ የሚያመነጨው ይቀንሳል። እንግዲህ የልብ ጉዳይ ነው የተባለው በሕፃኑ ሆድ ውስጥ ተገኘ።

በእውነቱ ግን የጠያቂው መቅረት አንዳንድ ቤት ዕረፍት ሆኗል። እንገሩን አስጥላ ለተወለደው ልጅ ቅቤ ካላስዋጥኩ የምትለው አሮጊትም አብራ ቀርታለችና። ስለዚህ የድሮውን ሁሉ እንደ ነበረ ይመለስ አንልም።

የምንለው ይህ ነው፤ «አትጨነቂ» የሚለው ቃል ለአራስ ምንም አይረባትም። ጭንቀቷ ከፊሉ ትክክለኛ ፍርድ ነው፤ አደጋው በእውነት ነበረና። ልጇን የምትጠብቅ ሰው ጥበቃዋን ተዪው አይባልም፤ ተራ ይገባላታል እንጂ። እግር በተከለከለበት ጊዜ እጅ አልተከለከለም ነበር። ገንፎውን ከደጅ አስቀምጦ መመለስ፣ ውሃውን ቀድቶ ማቆም፣ ጤነኛ የሆነች አንዲት ሴት መርጦ ከእርሷ ጋር ብቻ እንድትከርም ማድረግ፣ በስልክ ድምፅ ማሰማት ይቻል ነበር። በብዙ ቤት ተደርጓልም። በሌላው ቤት ግን መራቁ ተፈጸመና የራቀው ሰው ሕሊናው ዐረፈ። በመሥሪያ ቤት ተቀምጠን መመሪያ ለምንጽፍ ሰዎች ነገሩ ይበልጥ ይመለከተናል፤ «አይግቡ» የሚል መስመር ስንጽፍ፣ ሳይገባ የቀረው ሰው ይሸከም የነበረውን ማን እንደሚሸከመው የሚናገር ሁለተኛ መስመር ከሥሩ መጻፍ ይገባናልና።

ደግሞም በሩ የተዘጋባት በ2012 ዓ.ም. ብቻ ያልሆነ ሴት አለች። ከገጠር መጥታ በከተማ አንድ ክፍል ተከራይታ በርበሬ የምትቸረችር፣ እናቷ ሩቅ፣ አማት የሌላት ሴት ናት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በኋላ የ90 ቀን ፈቃድ ቢደነግግም እርሷ አሠሪ ስለሌላት ፈቃድ የምትጠይቀው ሰው የለም። ወረርሽኙ ሲገባ ጠያቂ አልቀረባትም፤ ሲያበቃም የመጣላት የለም፤ ልጇን በሁለተኛው ሳምንት አዝላ ወደ ገበያ ወጥታለች።