የታማሚ ክሳት የማን ጥፋት ነው?

በኢትዮጵያ ሰው ሰውን መውደዱን ከሚገልጽባቸው መንገዶች የታወቀው ማብላት ነው። እንግዳ ሲመጣ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» ይባላል፤ ጉርሻም ይሰጣል፤ እምቢ ያለ ሰው ፍቅርን እንደ ናቀ ይቈጠርበታል። ልማዱ መልካም ነው። ዳሩ ግን ከታማሚ አልጋ አጠገብ ሲደርስ ብርቱ ጥያቄ ያስነሣል። ካንሰር፣ በቀድሞ አጠራሩ ነቀርሳ፣ የያዘው ሰው ዕለት ዕለት ሲከሳ ያየ ቤተ ዘመድ አስቀድሞ «አልበላ ብሎ ነው» ይላል። ቃሉም እየጠነከረ ሄዶ «ተስፋ ቈርጦ ነው፤ ለልጆቹ አላሰበም» እስከ ማለት ይደርሳል። አስታማሚዋ ደግሞ በበኩልዋ «አብልቼ ባድነው ኖሮ» እያለች ራስዋን ትከስሳለች። እንግዲህ ፍርድ ከመስጠት በፊት ክሳቱ ከወዴት እንደ መጣ መመርመር ይገባል።

ክሳት ሁሉ አንድ አይደለም። በመራዊ ገጠር ዐቢይ ጾምን የጾመ ገበሬ ቢሳሳ፣ ጾም ሲፈታ ገላው ይመለሳል። ሰውነት መብል ሲያንሰው ቈጣቢ ነውና ወጪውን ይቀንሳል፤ ስቡን ያወጣል፤ ጡንቻውን ግን እስከ ተቻለው ይጠብቃል። በካንሰር የሚመጣው ክሳት ግን ይህን ሥርዓት አያውቅም፤ ጡንቻው ከስቡ ጋራ፣ አንዳንድ ጊዜም ስቡ ሳያልቅ፣ ይመነምናል። ግሪኮች ይህን «ካኬክሲያ»፣ ማለት ክፉ ሁናቴ፣ ብለው ሰይመውታል። እ.ኤ.አ. በ2011 የብዙ አገር ሊቃውንት በተስማሙበትም ቃል፣ በተለመደው አመጋገብ ብቻ ሙሉ በሙሉ ሊመለስ የማይችል የጡንቻ መጥፋት ነው።

ምክንያቱን ለማስተዋል በመራዊ አጠገብ ያለውን የቆጋን ግድብ ማሰብ ይረዳል። ግድቡ ወደ 7,000 ሄክታር የሚጠጋ እርሻ እንዲያጠጣ የታቀደ ነው። ቦዩ በመንገድ ቢሸነቈር ውሃው መውረዱን አይተውም፤ ማሳው ግን ይደርቃል። ባለማሳውን «ሰነፍ» ብሎ መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው፤ በግድቡ ውሃ መጨመርም ሽንቍሩን አይደፍነውም።

በጡንቻ ሕዋሳት ውስጥም ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። እንግሊዛዊው ፒተር ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1961 እንደ ገለጸውና በ1978 የኖቤልን ሽልማት እንደ ተቀበለበት፣ እነዚህ ክፍሎች ከምግብ በተገኘው ኃይል ፕሮቶኖችን ከስስ ሽፋን ማዶ ያከማቻሉ፤ ፕሮቶኖቹም በተሠራላቸው በር ሲመለሱ ሕዋሱ የሚሠራበት ኃይል ይበጃል። አላቃቂ የሚባሉ ፕሮቲኖች ግን ሌላ መውጫ ይከፍታሉ፤ ያን ጊዜ ምግቡ ይነድዳል፤ ሙቀትም ይወጣል፤ ሥራ ግን አይገኝበትም። ይህ በጤና ጊዜ ጥቅም አለው፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን ብርድን የሚቋቋመው በአንደኛው አላቃቂ ፕሮቲን ነውና። በጡንቻ የሚገኘው ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ1997 ታወቀ። ካንሰር ባለባቸው አይጦች፣ ኋላም በካንሰር ክብደታቸው በቀነሰ ሰዎች ጡንቻ፣ ይህን ፕሮቲን እንዲሠራ የሚያዝዘው የሕዋስ መልእክት በዝቶ ተገኘ። ሦስተኛው ፕሮቲን እንደ አንደኛው በእውነት ያላቅቃል ወይስ ሌላ ሥራ አለው የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ብቻውንም ሌባ አይደለም። ከዕባጩና ከሰውነት መከላከያ የሚመነጩ ሌሎች ነገሮች ጡንቻን ያፈርሳሉ፤ የምግብ ፍላጎትንም ከአንጐል ያጠፋሉ። እንግዲህ «አልበላም» የሚለው ቃል ራሱ የደዌው ቃል ነው።

ኃይል ከሥራ ሲላቀቅ ፈቃድ እንደማያግደው ሌላ ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. ከ1933 ጀምሮ በአሜሪካ ዳይናይትሮፌኖል የሚባል መድኃኒት ለመክሳት ይወሰድ ነበር። ሥራውም ይኸው ማላቀቅ ነው። የወሰዱት እየበሉ ከሱ፤ ከእነርሱም የገዛ ሙቀታቸው የገደላቸውና ዓይናቸው በሞራ የተጋረደ ነበሩ። በ1938 ለሰው እንዳይሰጥ ተደረገ። እነዚያን ሰዎች «አልበላ ብለው ነው» ያለ አልነበረም፤ መርዙ ታውቆ ነበርና። የካንሰሩ ታማሚ ግን ሌባው ስላልታየለት ይወቀሳል።

«እንዲህ ከሆነ ማብላቱ ምን ይረባል? ይተው» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህ ደግሞ ሁለተኛ ስሕተት ነው። የአፍ ቍስል፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ድርቀትና ሕመም መብልን ይከለክላሉ፤ እነዚህም መድኃኒት አላቸው። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ፣ ታማሚው የወደደውን መስጠት ይጠቅማል፤ በጾም ወራትም ሕመምተኛ ከጾም ነፃ መሆኑን ፍትሐ ነገሥት ይደነግጋል። ይልቁንም ያለ ምክንያት የሚከሳ ሰው፣ ከቡሬም ቢሆን ከፍኖተ ሰላም፣ ገና አቅም ሳለው ባሕር ዳር ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ወይም በቅርብ ወዳለ ሐኪም መሄድ አለበት። ክሳቱን የስንፍና ምልክት ያደረገ ቤተ ሰብ ግን ይህን ጊዜ በወቀሳ ያሳልፈዋል።

ግድ እያሉ ማጉረስ ከዚህ የባሰ ጕዳት አለው። ታማሚው የሚስቱ ፊት እንዳይጠቍር ብሎ ይውጣል፤ ዞር ስትል ያስመልሳል፤ «በላሁ» ብሎም ይዋሻል። ያን ጊዜ ታማሚው አስታማሚውን ያስታምማል። የተረፈችውም ጥቂት ኃይል ሰውን ለማስደሰት ታልቃለች።

ስለዚህ ፍቅር ሥራውን አይተው፤ መልኩን ግን ይለውጥ። እንጀራው ይቅረብ፤ ቢቀር ግን ወቀሳ አይከተለው። ጉርሻ የያዘው እጅ ከንፈሩን ያርጥብ፤ እግሩን ይሽ፤ ትራሱን ያቅና። ለታማሚው «ጥፋቱ ያንተ አይደለም» የሚለው ቃል ይነገረው፤ ለአስታማሚዋም እንዲሁ። ጡንቻው ባይመለስ እንኳ፣ በሁለቱ መካከል የነበረው ክስ ከተነሣ፣ የቀሩት ቀኖች በክርክር ፋንታ በጨዋታ ይውላሉ።