ሳንቃውና አናጢው

ሐረርን በጀጎል ግንብ በኩል ለሚያውቃት ሰው ፈላና በር እንግዳ አይደለም። ሐረሪዎች አሱም በሪ የሚሉት ይህ በር፣ በ16ኛው ምዕተ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን በታነጸው ግንብ ላይ ከሚገኙት አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ነው። ከግንቡ ውስጥ ባሉት ነባር ቤቶች ወንበር ብዙም ቦታ አልነበረውም። ሰው የሚቀመጠው ከቤቱ ጋር አብረው በሚሠሩት፣ ነደባ በሚባሉት አምስት መደቦች ላይ ሲሆን፣ ማን በየትኛው እንደሚቀመጥም ልማድ ወስኖታል። እንጨት ክብሩን ያገኘው በሌላ ስፍራ፣ ይኸውም በተቀረጸው በርና በጣሪያው አጣናዎች ላይ ነው።

እንግዲህ በዚህ በር አጠገብ የሚኖር አንድ መምህር፣ በዕረፍት ቀኑ ከጓሮው ተቀምጦ ከዋንዛ ሳንቃ ጠረጴዛ ሊሠራ ተነሣ እንበል። (በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። የመምህሩ ሳንቃ ከገበሬ ማሳ በዕድሜው ከወደቀ ዛፍ የተገኘ ይሁንለት።) ሳንቃው ወፍራም ነው። ጠርዙ አልተስተካከለም፤ ዛፉ የጎበጠበት ጉብጠት፣ ቅርንጫፍ የወጣበት አንጓ እንዳለ ነው። መምህሩም ቅርፊቱን ልጦ ያለሰልሰዋል እንጂ ይህን መልክ ሊያጠፋው አይሻም።

ይሁንና መቸኮል አይችልም። 2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ሳንቃ በአየር ለመድረቅ አንድ ዓመት ያህል ይሻል የሚል የቆየ የእንጨት ሠራተኞች ስሌት አለ፤ 5 ሴንቲሜትር ከሆነ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው። ሳንቃው በጥላ ሥር፣ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየተጋደመለት ይቀመጣል፤ ጫፎቹ እንዳይሰነጠቁ ቀለም ይቀባሉ። ከደረቀ በኋላም እንጨት አርፎ አይቀመጥም። በክረምት በወርዱ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። መላወሻ ሳይተውለት ግጥም አድርጎ የቸነከረው ሰው ጠረጴዛው ሲሰነጠቅ ያያል። መምህሩ ይህን ሁሉ በእጁ ቁስል ይማራል።

ጠረጴዛው ሲያልቅ እንግዶች መጥተው «እርስዎ እኮ ጥበበኛ ነዎት!» ይሉታል። መልካም። ያንኑ ጠረጴዛ አንድ አናጢ ሠርቶ ቢያቀርበውስ? «ስንት ነው? ቀንስ እንጂ!» የሚል ነው የሚሰማው። እንጨቱ አንድ፣ መሮው አንድ፤ አንዱ ግን እርስዎ፣ ሌላው አንተ ሆነ።

በዚያው ግንብ ላይ ሐረሪዎች በድሪ በሪ የሚሉት ሌላ በር አለ። በአማርኛ ቡዳ በር ይባላል። ቡዳ የሚለው ስም በሀገራችን ብረት በሚቀጠቅጠውና ሸክላ በምትሠራው ላይ ስንት ዘመን ሲለጠፍ እንደኖረ ማስረዳት አያሻም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል፤ ለስድብ አዋጅ ማስፈለጉ ራሱ የስድቡን ሥር ጥልቀት ይመሰክራል። አናጢው የቀጥቃጩን ያህል ባይገፋም፣ ከንቀቱ ድርሻውን አላጣም።

«አንዱ ለፍቅር፣ ሌላው ለገንዘብ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ የፊተኛው ሥራ ይከብራል» የሚል አይጠፋም። ክርክሩ ጠንካራ ይመስላል። ነገር ግን ሳንቃው እስኪደርቅ ሁለት ዓመት የጠበቀው ማን ነው? መምህሩ የጠበቀው ደመወዙ በየወሩ ስለሚገባ ነው። አናጢው ያልጠበቀው ልጆቹ እራት ስለሚጠብቁት ነው። ትዕግሥት ብለን የምናወድሰው ነገር በከፊል የተከፈለበት ጊዜ ኖሯል። አናጢው እርጥቡን እንጨት ሠርቶ ሲሸጥ ስንፍና እንለዋለን፤ እኛው ግን ቀብድ በሰጠን በሳምንቱ ደጁ ላይ ቆመን «አልደረሰም ወይ?» ብለናል።

መምህሩ ከጓሮው የሚያገኘው ትልቁ ነገር እንግዲህ ጠረጴዛው አይደለም። በመጪው ወር ለልጁ አልጋ ሊያሠራ ወደ አናጢው ይሄዳል፤ አናጢውም ዋጋውን ይነግረዋል። «ቀንስ» የሚለው ቃል እንደ ልማዱ ከከንፈሩ ይደርሳል። በዚያች ቅጽበት መዳፉን፣ ያልሻረውን የመሮ ቁስል ያይ ይሆን?