የመንገድ ባልንጀራ

ሰው ከሰው ጋራ የሚወዳጅበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ በሥጋ ዝምድና፣ አንዱ በጉርብትና፣ አንዱ በትምህርት ቤት፣ አንዱም በሥራ ይወዳጃል። ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ግን አንድ ሌላ ወዳጅነት አለ፤ ይኸውም በመንገድ የሚገኘው ነው። ይህን ወዳጅነት ማንም አስቀድሞ አይመርጠውም፤ መንገዱ ያገናኛል፥ መንገዱም ይለያል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ በጥቂት ቀን ተገኝቶ በጥቂት ቀን ያለፈ ወዳጅነት እውነተኛ ወዳጅነት ሊባል ይገባዋልን? ወይስ መንገደኛው ብቸኝነቱን የሚያስረሳበት ምክንያት ብቻ ነው?

ይህን ጥያቄ ያመጣብን ከምናስተምራቸው ወጣቶች አንዱ ነው። በ2011 ዓ.ም. ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ ያለውን፥ ከ700 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ በብስክሌት ሲጓዝ፥ ከካይሮ ተነሥተው እስከ ኬፕታውን ለመድረስ የሚሄዱ ሁለት የውጭ አገር ሰዎች አገኘና ዐሥር ቀን አብሯቸው ሄደ። «አባታችን፥» አለን፤ «በዐሥር ቀን ከእነርሱ ጋራ የተወዳጀሁትን ያህል በዐሥር ዓመት ከጎረቤቶቼ ጋራ አልተወዳጀሁም። ከተለያየን በኋላ ግን ሁለት ጊዜ ተጻጻፍንና ዝም ተባባልን። ታዲያ ያ ወዳጅነት ሐሰት ነበርን?» እኛም ወዲያው አልመለስንለትም፤ በራሳችን ላይ የሚፈርድ ነገር አግኝተንበታልና። እርሱን ወደ ኋላ እንናገራለን።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የብስክሌት መንገድ ምን እንደ ሆነ መመልከት ያስፈልጋል። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን ያለው ጉዞ 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. በማኅበር የሄዱ ብስክሌተኞች አራት ወር ያህል ፈጅቶባቸዋል። በሜዳ ላይ ሲሄዱ የብስክሌተኛ ትልቁ ጠላት ነፋስ ነው። ከፊት ያለው ነፋሱን ይሰብራል፤ ከኋላው ተጠግቶ የሚሄደው ግን ድካሙ ከሩብ እስከ ሲሶ ያህል ይቀልለታል። ስለዚህ ደጋግ ባልንጀሮች በየተራ ፊት ይሆናሉ። ሁልጊዜ ከኋላ መሆንን የሚወድ ሰው ጥገኛ ይባላል እንጂ ባልንጀራ አይባልም።

ዳገት ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፥ ወንዙን ተሻግሮ፥ ያንኑ ያህል ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። በዚያ ዳገት ሰው የሚሄደው በዝግታ ስለ ሆነ የነፋስ ጥላ የሚሰጠው ጥቅም እጅግ ጥቂት ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ክብደት በራሱ እግር ያወጣል። ታዲያ በዚያ ጊዜ ለባልንጀራ የሚቀረው ሥራ ምንድር ነው? ከዳገቱ ራስ ላይ ቆሞ መጠበቅ ነው። ወጣቱ እንደ ነገረን፥ እነዚያ ሁለቱ ብርቱዎች ስለ ነበሩ ቀድመውት ወጡ፤ ነገር ግን ከአንድ ሰዓት በላይ በፀሐይ ቆይተው ጠበቁት። ውሃቸው አልቆ የቀረው አንድ ኮዳ ብቻ ነበር፤ እርሱንም ሳይነኩ ለእርሱ አኑረውለት ነበር። ከዚህም ሁለት የወዳጅነት ሥራ እንማራለን፤ ሊካፈሉት የሚቻለውን ሸክም መካፈል፥ ሊካፈሉት የማይቻለውን ደግሞ በትዕግሥት መጠበቅ።

ቀድሞም እንዲሁ ሆኗል። ቶማስ ስቲቨንስ የሚባለው ሰው፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1884 ዓ.ም. ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥቶ፥ የፊቱ ጎማ እጅግ ትልቅ በሆነ በዚያ ዘመን ብስክሌት ዓለምን ዞሮ በ1886 ዓ.ም. ዮኮሃማ ደረሰ። በሃንጋሪ አገር ኢጋሊ የተባለ ብስክሌተኛ፥ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳያውቅ፥ በምልክት እየተነጋገሩ እስከ ቤልግሬድ ድረስ አብሮት ሄደ። ከዚያ ተለያዩ፤ ስቲቨንስም ወደ ምሥራቅ ጉዞውን ቀጠለ። ደግሞ ፍራንክ ሌንዝ የተባለው አሜሪካዊ ዓለምን ብቻውን በብስክሌት ለመዞር በ1892 ዓ.ም. ወጥቶ በ1894 ዓ.ም. በምሥራቅ ቱርክ ደብዛው ጠፋ። ዊልያም ሳክትለበን የሚባለው፥ ራሱ ቀደም ብሎ ከባልንጀራው ከቶማስ አለን ጋራ በዚያው አገር በብስክሌት ያለፈ ሰው፥ በ1895 ዓ.ም. ጠፍቶ የቀረውን መንገደኛ ፍለጋ ተላከ፤ እሺ ብሎም ሄደ። ሬሳውን አላገኘም። ነገር ግን ያን መንገድ በድካሙ የሚያውቅ ሰው፥ በዚያው መንገድ ለጠፋው ሰው ሲል ተመልሶ ሄዶበታል።

በዚህ ላይ አንድ ተቃዋሚ ሊነሣ ይችላል። «የመንገድ ወዳጅነት የሚጣፍጠው ዋጋ ስለማያስከፍል ነው፤ በመንገደኞች መካከል የድንበር ክርክር የለም፤ የውርስ ጠብ የለም፤ የቈየ ቂም የለም። ዳግመኛ ለማያዩት ሰው ምሥጢር መንገርም ቀላል ነው፤» ይላል። ይህ አባባል ከፊሉ እውነት ነው። ስለዚህ ወጣቱን፥ «ጎረቤቶችህን በእነዚያ ሰዎች አትመዝናቸው፤» አልነው። ከጎረቤቶቹ ጋራ አንድ ኮዳ ውሃ የተካፈለበት ቀን አልነበረምና። በመንገድ ላይ ሰው እንደሚቸገር አይሰውርም፤ ጎማው ሲተነፍስ ሁሉም ያየዋል። በቤቱ ግን ችግሩን በደጁ ይዘጋበታል፤ ጎረቤቱም የሚረዳበትን በር ያጣል። እንግዲህ ያጣጣመው መንገዱ ብቻ አይደለም፤ ያጣጣመው አንዱ ሌላውን እንደሚያስፈልገው ያለ ኀፍረት መግለጡ ነው።

የጊዜ ማጠርም ወዳጅነትን ሐሰት አያደርገውም። ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባና ፊልጶስ የተገናኙት በአንድ ቀን ነው (የሐዋ. ሥራ 8)። በአንድ ሠረገላ ተቀመጡ፤ አንድ መጽሐፍ ተመለከቱ፤ አንዱ ጠየቀ፥ ሌላው ተረጐመ። ውሃ ካለበት በደረሱ ጊዜ ጥምቀቱ ተፈጸመ፤ ከዚያም ወዲያ ጃንደረባው ፊልጶስን አላየውም። መጽሐፍ ግን ደስ ብሎት መንገዱን እንደ ሄደ ይነግረናል እንጂ እንደ ተከዳ ሰው አዝኖ ተቀመጠ አይልም። ፊልጶስ በዚያች ሰዓት የሚገባውን ሁሉ አድርጎ ነበርና፥ መለያየታቸው የተደረገውን አልሻረውም።

አሁን የራሳችንን እንናገር። በተማሪነታችን ዘመን ቅኔ ለመማር ወደ ጎጃም ስንሄድ አንድ ተማሪ በመንገድ አገኘን። ደረቆቱን አካፈለን። ወባ ይዞን በወደቅን ጊዜም ጉዞውን ትቶ ሦስት ቀን በአንድ ጎጆ አስታመመን። መንገዱ በተከፈለበት ስፍራ እርሱ ወደ ሌላ መምህር ሄደ፤ እኛም፥ «ለፋሲካ መጥተን እንጠይቅሃለን፤» ብለን ቃል ሰጠን። ፋሲካ ደረሰ፤ አልሄድንም። በክረምቱ በአንድ መንገደኛ ተማሪ አፍ፥ «ታምሜአለሁ፤» ብሎ ላከብን። እኛ ግን ትምህርታችን እንዳይጓደል ብለን ቀረን። ከብዙ ጊዜ በኋላ ወደ ስፍራው ብንሄድ ወዴት እንደ ሄደ የሚያውቅ አልተገኘም። እስከ ዛሬም አላገኘነውም።

ስለዚህ ለወጣቱ እንዲህ ብለን መለስንለት። መለያየታችሁ በደል አይደለም፤ መንገድ ለመለያየት የተሠራ ነውና። ዝምታችሁም ያን ውሃ መራራ አያደርገውም። ነገር ግን ከመለያየት በኋላ የሚኖሩ ሁለት ዕዳዎች አሉ፤ አንዱ የሰጠኸው ቃል ነው፤ ሁለተኛው የሚመጣብህ ጥሪ ነው። እጽፋለሁ ብለህ እንደ ሆነ ጻፍ፤ ታምሜአለሁ ብሎ የላከብህ እንደ ሆነ ሂድ። ብድሩን ለዚያው ሰው ልትመልስ ባትችል፥ ከዳገቱ ራስ ላይ ቆመህ ሌላውን ጠብቅ።

ወጣቱም በዚያው ሳምንት ጻፈላቸው። መልስ መጣለት ወይም ቀረ ብለን አልጠየቅነውም፤ የእርሱ ዕዳ መጻፍ ነበርና። ይህን የምታነቡ ወንድሞችና እኅቶች ደግሞ፥ በመንገድ ቃል የሰጣችሁት ሰው ካለ፥ የሚገኝበትን የሚያውቅ ሰው ሳይጠፋ ዛሬ ጠይቁት።