ገመዱን የሚይዝላችሁ ሰው ፈልጉ

አለት መውጣት የጀመራችሁ፣ ወይም ለመጀመር ያሰባችሁ የባሕር ዳርና የጣና ዳር ወጣቶች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ብቻችሁን አትውጡ። ጓደኛ ማስከተልም አይበቃም፤ እሱም ጀማሪ ከሆነ ሁለታችሁም ብቻችሁን ናችሁ። ከእናንተ በፊት የወጣ፣ ቋጠሮ የሚያውቅ፣ «ዛሬ ይበቃል» ሲላችሁ የምትሰሙት ሰው ይኑራችሁ።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ትግራይ ያለውን ደብረ ዳሞን አስቡ። አቡነ አረጋዊ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ይህ ገዳም ያለው አምባ ላይ ሲሆን መግቢያው 15 ሜትር ገደማ ቀጥ ያለ ገደል ነው። ወጪው የሚጨብጠው የተገመደ ጠፍር አለ። ለእንግዳ ግን ሌላ ገመድ ይወርድለትና ወገቡ ላይ ይታሰራል፤ መነኩሴው ጫፉን ከላይ ይዞ፣ እንግዳው ከፍ ባለ ቁጥር እየሳበ ያጠብቅለታል። እጁ ቢከዳው ያ ሁለተኛው ገመድ አለለት። በዓለም ዙሪያ ያሉ የአለት መውጣት ክበቦች ጀማሪን ከሁሉ በፊት የሚያስተምሩትም ይህንኑ ነው፦ አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ዓይኑን ከወጪው ሳይነቅል ገመዱን ይይዛል። በገርዓልታ ወደ አቡነ የማታ ጉሕ ለሚወጣ እንግዳም እግሩን የት እንደሚያሳርፍ የሚያሳዩት ገደሉን ከልጅነታቸው የሚያውቁ የአካባቢው ሰዎች ናቸው።

የእኛ አለት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የጣና አካባቢ ድንጋይ ባዛልት ነው፤ ከእሳተ ገሞራ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ጽኑ የሚመስለው ድንጋይ ከጎኑ ካለው ተላቆ የቆመ ሊሆን ይችላል። ክረምቱ ስንጥቁን እያጠበ ያላላዋል፤ መስከረም ላይ የጨበጣችሁት ድንጋይ ይዟችሁ ሊወርድ ይችላል። ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለውን አለት ደግሞ ከፏፏቴው የሚነሳው ጢስ ያረጥበዋል፤ እንዲያሟልጭም ያደርገዋል። ልምድ ያለው ሰው ድንጋዩን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ያዳምጣል፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠው አይነካውም። ይህ ጥበብ የሚለመደው ሰው አጠገብ ሆኖ ነው። ቪዲዮ የቋጠሮ አሠራር ያሳያችኋል፤ እናንተ የቋጠራችሁትን ግን አያይላችሁም።

ስለ ገመድም ልናገር። ዕቃ ለመጫን ከገበያ የሚገዛው ናይለን ገመድ ለዚህ አይሆንም። የአለት ገመድ ሰው ሲወድቅ ተለጥጦ ኃይሉን እንዲያለዝብ ሆኖ የተሠራ ነው፤ የማይለጠጥ ገመድ ላይ ብትወድቁ ግን ድንገተኛው ጉተታ ሰውነታችሁ ላይ ያርፋል። ደኅናውን ገመድም ቢሆን ፀሐይ ያደክመዋል፣ ስለታም ድንጋይ ይቆርጠዋል። ገመዱ፣ የወገብ መታጠቂያው፣ ገመዱን የሚያያይዘው ቀለበት (ካራቢነሩ) እና የራስ ቁሩ ተደምረው ለአንድ ወጣት ኪስ ይከብዳሉ። ክበብ ግን አዋጥቶ ይገዛል፤ ገመዱ መቼ እንደተገዛ፣ ስንት ጊዜ ሰው እንደወደቀበት ይመዘግባል፤ ዘመኑ ሲያልፍም ያለ ርኅራኄ ይጥለዋል። በግል የገዛ ሰው ገንዘቡን እያሰበ አንድ ዓመት ይጨምርበታል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ያ አንድ ዓመት ነው።

በአካባቢያችሁ ክበብ ከሌለ መሥርቱ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስፖርት አካዳሚ አለው፤ ሄዳችሁ ምክር ጠይቁ። የሰሜን ተራሮችን የሚያውቁ መንገድ መሪዎች ደባርቅ አሉ። የሠለጠነ ሰው ርቆ ከሆነም እሱ ዘንድ ሂዱ። ጎጃም ይህን ያውቃል፤ የቅኔ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ መምህር ፍለጋ ስንት አገር በእግሩ ያቋርጥ የለምን? መምህሩን እስክታገኙ ድረስ ከመሬት ሳትርቁ፣ ዘላችሁ ልትወርዱበት በምትችሉት ቁመት ተለማመዱ።

እናንተ የምታውቁት ደግሞ ዕውቀታችሁን አትሰስቱ። አንድ ጀማሪ ሲጠይቃችሁ ጊዜ ስጡት፣ መውጣቱን ብቻ ሳይሆን መውረዱንም አስተምሩት፤ መውረድ ላይ ሰው ይደክመዋል፣ ይቸኩላል። ከመነሳታችሁ በፊት ሁለታችሁም አንዳችሁ የሌላውን ቋጠሮና መታጠቂያ ፈትሹ፤ ስንት ዓመት ብትወጡም ይህን አትዝለሉ። ጀማሪው «እስቲ ጋሼ፣ ቋጠሮዎን ልይ» ቢላችሁ ቅር ሳይላችሁ አሳዩት።